ጥላ ላለበት ጓሮ እንሶስላ

በከተማ ግቢ የሚሠሩ አትክልተኞች በየዓመቱ ከሚደጋግሟቸው ሥራዎች አንዱ ከዛፍ ሥር ሳር መትከል ነው። ባለቤቱ ለምለም መስክ ማየት ይፈልጋል። አትክልተኛው ሰኔ ላይ ሳሩን ይተክላል፤ ክረምቱን በዝናቡ ኃይል ይቆያል፤ ታኅሣሥ ላይ ይገረጣል፤ የካቲት ላይ ባዶ አፈር ይቀራል። በመጪው ሰኔ ያው ሥራ እንደገና ይጀመራል። በዚህ መሀል የሚባክነው ውሃና ጉልበት ያሳዝነኛል። ለዚያ ቦታ የሚስማማ፣ የአገራችን ደን ያበቀለው፣ እናቶቻችንም ከጓሯቸው ጌሾ አጠገብ ሲያኖሩት የኖሩት ተክል እያለ ነውና። የምናገረው ስለ እንሶስላ ነው።

እንሶስላን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሥሯ ነው። ሙሽራ እጇንና እግሯን የምትሞቀው በእሷ ነው። ለበዓል ጥፍር የሚቀላውም በዚያው ቀይ ሥር ነው። አበባዋን ቆሞ ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ይሏታል። የተፈጥሮ ቤቷ የደጋና የወይና ደጋ ደን፣ የወንዝ ዳርና ጥላ ያጠላበት ሸለቆ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ በደቡብ ሱዳን፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በምሥራቅ ኮንጎ ተራሮች ትገኛለች። ሲመቻት ቁመቷ 2 ሜትር ይደርሳል። ግንዷ ውሃ የቋጠረና ለስላሳ ነው፤ ቅጠሏ ሰፊ ነው። አበባዋ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ቀለም አለው፤ ከኋላው ደግሞ ቀጭን፣ ረጅም ጅራት ተንጠልጥሎበታል። ማር ያለው በዚያ ጅራት ጫፍ ነው። ሽታዋ የሚወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የምትጠብቀው ምላሱ ረጅም የሆነ የሌሊት የእሳት ራት ነውና። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ ማታ ለሚገባ ባለቤት ከዚህ የተሻለ አበባ አላውቅም።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ጥላውን በማወቅ ነው። ጥላ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሰማዩ ጠርቶ በዋለበት ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እጃችሁን ከመሬቱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉት። የጣቶቻችሁ ጥላ መሬቱ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ቦታው ፀሐይ ይበዛበታል። ጠርዙ ደብዘዝ ብሎ ቅርጹ ግን የሚለይ ከሆነ ለእንሶስላ ተስማሚ ነው። ምንም ጥላ ካልታየ ቦታው ጨልሟል፤ እዚያ ብትተከል ብርሃን ፍለጋ ትመዘዝና ትወድቃለች፤ አበባዋም ይመናመናል። እንዲህ ባለ ቦታ ዛፉን መቁረጥ አያስፈልግም። የታችኞቹን ቅርንጫፎች አንስቶ አናቱን ማሳሳት ይበቃል። አቮካዶ በተተከለበት ግቢ ይህ ሥራ ሁልጊዜ ያስፈልጋል።

የግንብ ጥላ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በአውሮፓ የተጻፉ የአትክልት መጻሕፍት ከግንብ በስተ ሰሜን ያለ ቦታ ዓመቱን ሙሉ ጥላ ነው ይላሉ። ለእነሱ እውነት ነው፤ ለእኛ ግን አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ጀምሮ ነሐሴ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ 2 ሜትር ቁመት ያለው ግንብ ቀትር ላይ የሚጥለው ጥላ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ እሱም በደቡብ በኩል ነው። ታኅሣሥ ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ይዞርና ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ሰሜንና ደቡብ እያላችሁ አትድከሙ። ለእኛ ዋናው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። እንሶስላን ከግንቡ ወይም ከቤቱ በስተ ምሥራቅ ትከሏት። የጠዋት ፀሐይ ታገኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ታርፋለች። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ብዙውን ጊዜ ደመና ስለሚሆን ልዩነቱ አይታያችሁ ይሆናል። መስከረምና ጥቅምት ሰማዩ ሲከፈት ግን፣ አበባዋ በደመቀበት ሰዓት፣ በምዕራብ በኩል የተተከለችው በየቀኑ ስትጠወልግ ታያላችሁ።

ከዛፎች ውስጥ ብሳናና ዋንዛ ጥሩ ጎረቤቶቿ ናቸው። በደጋ አካባቢ ኮሶም እንዲሁ። ጌሾ ቁጥቋጦ ቢሆንም በምሥራቅ ጎኑ ለምትተከል እንሶስላ በቂ ከለላ ይሰጣል፤ የድሮ ጓሮ ይህን ያውቅ ነበር። ጽድ ሥር መሬቱ ስለሚደርቅ ከግንዱ ራቅ ማለት ይሻላል። ባሕር ዛፍ ሥር ግን ጨርሶ አትሞክሩት። ውሃውን ይሻማታል፤ የሚረግፈው ቅጠሉም አፈሩን ለሌላ ተክል የማይመች ያደርገዋል።

ጥላው ከተገኘ በኋላ የሚቀረው አፈር ነው፤ እኔ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የምሰጠው ለእሱ ነው። እንሶስላ እርጥበት ትወዳለች ሲባል ሰዎች ረግረግ የምትወድ ይመስላቸዋል። በደን ውስጥ የምትበቅልበትን አፈር አንድ እፍኝ ብታነሱ ልዩነቱ ይገባችኋል፦ ጥቁር፣ ቀላል፣ የበሰበሰ ቅጠል የበዛበት፣ ሲጨብጡት የሚረጥብ፣ ሲለቁት ግን የሚፈረፈር ነው። ውሃ ይይዛል፤ ውሃ ግን አይተኛበትም። ሥሯ እንደ ዳሊያ ሥር የወፈረና ውሃ ያዘለ ስለሆነ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። ሲሰርግ ደግማችሁ ሙሉት። በማግሥቱ ጠዋት ውሃው እንዳለ ከቆየ በዚያ መሬት ውስጥ ቀጥታ አትትከሉ።

በአዲስ አበባ ዝቅ ባለው ክፍል፣ በቦሌና በአቃቂ በኩል፣ ዋልካ አፈር ብዙ ነው። ክረምት ላይ ይጨቀያል፤ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ዋልካውን ለመለወጥ መታገል አይደለም፤ በላዩ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ነው። ዙሪያውን በድንጋይ አጥራችሁ ቢያንስ አንድ ተኩል ስንዝር ከፍ አድርጉት። ከእንጦጦ ሥር እስከ ጉለሌ ባለው ቀይ አፈር ላይ ግን መደቡ ያን ያህል ከፍ ማለት አያስፈልገውም፤ ቀዩ አፈር ውሃ ያሳልፋል፤ የሚጎድለው ብስባሽ ነው። ለሁለቱም የምጠቀመው ድብልቅ ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ ነው፤ ለዋልካ አገር አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ይጨመርበታል። ትኩስ እበት አታስገቡ፤ ሥሩን ያቃጥላል። ቅጠሉም የባሕር ዛፍና የጽድ አይሁን።

የግቢ ቅጠል ጠርጎ ማቃጠል የተለመደ ነው። ይህን ልማድ በሙሉ ልቤ እቃወማለሁ። ያ ቅጠል ለእንሶስላ ከሚገዛ ማዳበሪያ ሁሉ ይበልጣል። በአንድ ጥግ ከምሩት፤ በክረምት እርጥበት አልፎ አልፎ አገላብጡት፤ በዓመቱ አፈር ይሆናል።

ወደ ሥሩ እንምጣ። ለመትከል ከገበያ ሥር የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ይከስራል። ለመሞቅ የሚሸጠው ሥር ከራሱ ተነጥሎ የተቆረጠ ነው፤ የሚበቅለው አይን ያለው ደግሞ ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ራስ ላይ ነው። ሥሩ ምንም ያህል ቢወፍር አይን ከሌለው መሬት ውስጥ ተቀምጦ ይበሰብሳል እንጂ አይበቅልም። ስትገዙ ራሱን አገላብጣችሁ እዩ፤ ትንንሽ ቀላ ያሉ ጉብታዎች ካሉበት ውሰዱት። ነባር ተክል ካለ ሰው መካፈል ከሁሉም ይሻላል። መካፈል ያለበት ደግሞ ተክሏ ተኝታ ባለችበት፣ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ዙሪያውን በመንሽ አላልታችሁ አውጡ፤ እያንዳንዱ ክፋይ ቢያንስ አንድ አይንና አንድ ወፍራም ሥር እንዲኖረው አድርጋችሁ በንጹሕ ቢላዋ ቁረጡ። የተቆረጠውን ፊት አመድ ነስንሱበትና ጥላ ላይ አንድ ሁለት ቀን ይድረቅ።

የመትከያ ጊዜው ሚያዝያ ማብቂያና ግንቦት ነው፤ ቡቃያው ከሰኔ ዝናብ ጋር እንዲገናኝ። አይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከላዩ አራት ጣት አፈር ይበቃዋል። በመሀላቸው አንድ ክንድ ተኩል ተዉ፤ ስታድግ ትሰፋለች። እስክትበቅል ድረስ ውሃ በልክ ነው፤ አፈሩ ረጠብ ካለ አትጨምሩ። ያልበቀለ ሥር ውሃ አይጠጣም፤ የሚበሰብሰውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው።

ስትበቅል ብዙ ቡቃያ ታወጣለች። ሁሉንም መተው ሥራውን ማበላሸት ነው። አንድ ስንዝር ሲሆኑ ከሦስት እስከ አምስት ጠንካሮቹን አስቀርታችሁ ሌላውን ከሥሩ ቁረጡ። የቆረጣችሁትን ግን አትጣሉት። የታች ቅጠሉን አንስታችሁ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ጥላ ላይ ብትተክሉት በሁለትና በሦስት ሳምንት ሥር ያወጣል። ችግኝ ለሚሸጥ ሰው ከአንድ ነባር ተክል ብዙ ችግኝ የሚገኝበት መንገድ ይህ ነው። ቁርጥራጩ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት መተከል አለበት። ከዚያ ከዘገየ ዝናቡ ሳያልቅ ወፍራም ሥር አይሠራም፤ ሥር ያልሠራ ችግኝ ደግሞ በጋውን አያልፍም።

በክረምት የሚሠራው ጥቂት ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ጊዜ ብስባሽ በዙሪያዋ ጨምሩ። ዩሪያ አትስጧት፤ ቅጠሏ ይገንናል፤ ግንዷ ይለሰልሳል፤ በነሐሴ ነፋስና በረዶ ይሰበራል። ክንድ ካለፈች በኋላ እንጨት ተክላችሁ ላላ ባለ ገመድ እሰሯት። ቀንድ አውጣ ለጋውን ቅጠል ይወዳል፤ ማታ በፋኖስ ወይም በስልክ መብራት እየፈለጉ መልቀም ከመድኃኒት ሁሉ ይበልጣል። ክሽክሽ ከታየ በሳሙና ውሃ እጠቡት። ነፍሳት ገዳይ ኬሚካል አበባው ላይ አትርጩ፤ የማታ እንግዶቿን ትገድሉባታላችሁ። በአቅራቢያዋ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ፓውዛ ካለም የእሳት ራቶቹ ወደዚያ ስለሚሄዱ ባለቤቱን አነጋግራችሁ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት።

ቀትር ላይ ቅጠሏ ዝልፍልፍ ቢል አትደንግጡ፤ ውሃም አትጨምሩ። ማታ ዳግመኛ እዩዋት። ማታ ከቀናች የሙቀት ጉዳይ ነው፤ አልፏል። ማታም እንደወደቀች ከሆነ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ደርቆ ከሆነ አጠጡ፤ ረጥቦ ከሆነ ግን ሥሯ መበስበስ ስለጀመረ ውሃ መስጠት አቁማችሁ የአፈሩን መተንፈሻ ክፈቱ።

ኅዳር ላይ ቢጫ መሆን ትጀምራለች። የአትክልተኛ ብቃት የሚለየው እዚህ ነው። ብዙዎች የታመመች መስሏቸው ውሃ ያበዙባታል፤ ሥሯም በበጋው መሀል ይበሰብሳል። እሷ ግን ጉልበቷን ወደ ሥሯ እየመለሰች ነው። ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንሱ። ግንዱ በራሱ ሲወድቅ ሦስት ጣት አስቀርታችሁ ቁረጡ እንጂ አትንቀሉ፤ ሲነቀል የመጪው ዓመት አይን አብሮ ይወጣል። ከዚያ አንድ ስንዝር ውፍረት ያለው ደረቅ ቅጠል አልብሷት። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ውርጭ አገር ይህ ልብስ የግድ ነው፤ ውርጭ ላዩን ቢያቃጥልም ከቅጠል በታች ያለውን ሥር አያገኘውም።

ቦታውን ምልክት አድርጉበት። ከጥር እስከ ግንቦት ከመሬት በላይ ምንም አይታይም። አትክልተኛ ይቀየራል፤ አዲሱ ሰው ባዶ መደብ አየሁ ብሎ ይቆፍራል፤ የሦስት ዓመት ሥር በአንድ ጠዋት ይጠፋል። ስሟና የተተከለችበት ዓመት የተጻፈበት የእንጨት ወይም የቆርቆሮ ምልክት ይተከል፤ ለባለቤቱም በቃል ተናገሩ። ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ ደግሞ ጃርትና ፍልፈል ሥር ፈላጊዎች ናቸውና መደቡን ሥራችሁ ስትጀምሩ ከታች በሽቦ ወንፊት አንጥፉት።

ችግኝ እያፈሉ ለሚሸጡ እህቶችና ወንድሞች ጥቂት ልጨምር። እንሶስላ በዓመት ሦስት ጊዜ ገበያ አላት። በግንቦትና በሰኔ የበቀለ ችግኝ ይሸጣል። ነሐሴ ማብቂያ ላይ እንቡጥ የያዘች ተክል በትልቅ ማሰሮ አዘጋጅታችሁ ለእንቁጣጣሽ ብታወጡ፣ ከውጭ በሚመጣ ዘር ከሚበቅለው አበባ ጋር የምትወዳደር የአገር ስጦታ ናት። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ያኔ ሥሩ ይፈለጋል። ለሥር የምትቆፍሩት ግን ሦስት ዓመት የሞላትን ይሁን፤ ከዳር ያሉትን ወፍራሞች ወስዳችሁ ራሱን ከነመሀል ሥሩ መልሳችሁ ቅበሩ። እንዲህ የተያዘች ተክል ሳትጠፋ ለረጅም ጊዜ ትሰጣለች። ለገዢ ደግሞ እውነቱን አስቀድማችሁ ንገሩ፦ በበጋ ትጠፋለች፤ አልሞተችም፤ ሰኔ ትመለሳለች። ይህን ያልሰማ ገዢ ታኅሣሥ ላይ ተታለልኩ ብሎ ይመጣል፤ ሌላ ደንበኛም ያሳጣችኋል። በኮንትራት የምትሠሩ አትክልተኞችም ዋጋ ስትናገሩ በችግኝ ቁጥር ብቻ አትቁረጡ። የሥራው ትልቁ ክፍል መደቡ ነው፤ የመደቡን ጉልበት ለብቻ አስከፍሉ።

በውጭ ላሉ ወገኖቻችንም አንድ ቃል አለኝ። እንሶስላ በእንግሊዝ አገር አትክልት ወዳዶች ዘንድ የምትታወቅ ተክል ናት፤ ክረምቱ በማይከፋበት አካባቢ ሥሯን ወፍራም ቅጠልና ገለባ አልብሰው ያሳልፏታል። ብርዱ በሚጠነክርበት ቦታ ግን ውርጩ ከመጀመሩ በፊት ሥሩን አውጥቶ፣ እርጥበት ያላት አሸዋ ውስጥ ቀብሮ፣ በረዶ በማይደርስበት ክፍል ማቆየት ይሻላል። ከአገር ቤት ሥር በሻንጣ ይዞ መሄድ ግን ልክ አይደለም። ያለ ዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ተክል ማስገባት በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው፤ ከአፈሩ ጋር በሽታም ሊሻገር ይችላል። እዚያው ከሚያባዙ ችግኝ ሻጮች ግዙ።

በመጨረሻ የማነሣው ነገር እኔን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። እንሶስላ የምትፈልገው የደን ጥላና የወንዝ ዳር እርጥበት ከአገራችን ላይ እየጠበበ ነው። በጎንደርና በጎጃም ገጠር ብዙ ቦታ ጥላ ያለው መሬት የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። ከእነዚያ ቦታዎች ሥር እየቆፈሩ ለገበያ ማምጣት የዘሩን ምንጭ ማድረቅ ነው። ከአንድ ጓሮ ተክል ተካፍሎ፣ ቁርጥራጭ ተክሎ፣ ዘር ለቅሞ ማባዛት እየተቻለ ይህን ማድረግ አያስፈልግም። ፍሬዋ ሲበስል በትንሽ ንክኪ ፈንድታ ዘሯን ስለምትበትን ከመብሰሏ በፊት በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ሰብስቡ፤ ዘሩንም ሳይቆይ ዝሩት። ችግኝ ስትገዙም ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ ከደን የተነቀለ ሥር ከሚያመጣላችሁ ነጋዴ አትግዙ።